የጣሊያኗን ቤት አታፍርሷት

ዛሬ የምጽፈው ከግቢያችን ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ስላለችው የድንጋይ ቤት ነው። ሁላችንም «የጣሊያኗ ቤት» እንላታለን። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን የጣሊያን ወታደሮች ስንቅና ጥይት ያኖሩባት ነበር። አሁን ያለባት የተሰበረ ወንበር፣ ዶማ፣ አካፋና አይጥ የበላው የኳስ መረብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ላይ ቤቷ ፈርሳ ድንጋይዋ ለአጥር እንደሚሆን ተነገረን። ብዙ ልጅ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። ይቺ ቤት ተጠግና ቤተ መጻሕፍት ትሁን ነው የምለው።

ቤተ መጻሕፍት የለንም እኮ! ያሉን መጻሕፍት በሁለት ካርቶን ሆነው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጡት። አንድ መጽሐፍ ለማንበብ መምህራኑ ሻያቸውን ጠጥተው እስኪወጡ በር ላይ መቆም አለብን። ሲወጡ ደግሞ ደወል ይደወላል። እኔ አንዱን የሳይንስ መጽሐፍ ከመስከረም ጀምሬ እስካሁን ገጽ 30 አልደረስሁም።

ሰኞ ዕለት ከሁለት የክበባችን ልጆች ጋር ገብተን ቤቷን ለካናት። ግድግዳዋ 3 ስንዝር ውፍረት አለው። ውስጧ በርዝመት 11 እርምጃ፣ በወርድ 6 እርምጃ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች ምንም አልሆኑም። የጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀና ብለን ስናይ ከስንጥቁ በላይ ቆርቆሮው ተቀዷል፤ ስንት ክረምት በዚያ በኩል እንደወረደ እግዜር ይወቀው።

ግንበኛ አጎት ስላለኝ ለምኜ አመጣሁት። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ «ይቺን የሚያፈርስ ሰው ድንጋይ ጠርቦ አያውቅም» አለ። ቅድሚያ ቆርቆሮው ይቀየር፣ ቀጥሎ ከኋላ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር፣ ስንጥቁ በመጨረሻ ይደፈን አለን። ስንጥቁን ግን በሲሚንቶ እንዳትነኩት አለ። «ለምን?» ብለው «ሲሚንቶ ውሃውን ያፍነዋል፣ ድንጋዩ መተንፈሻ ያጣል፤ ኖራ ነው የሚሻለው» አለኝ።

ይህን ለኅብረተሰብ መምህራችን ብነግራቸው ጎንደርም ይኸው ነገር ደርሷል አሉኝ። የፋሲል ግቢ ግንቦች የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። ጣሊያኖች ሲጠግኗቸው ሲሚንቶና ኮንክሪት አስገቡባቸው። ከዓመታት በኋላ ያ ሲሚንቶ ተነሥቶ እንደገና በኖራ ተሠራ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግንብ እንኳ ሁለት ጊዜ ተደክሞበታል ማለት ነው። አጎቴ ጎንደርን በሩቁ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ግን ያው ነው የነገረኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። አንድ የክፍላችን ልጅ «የጠላት ቤት ለምን እንጠግናለን? ጣሊያን ስንት ሰው ፈጅቷል!» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔም ሌሊት አስቤበታለሁ። የአያቴ አባት አርበኛ ነበሩ። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ እጁን ሲሰጥ፣ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ አያቴን ጠየቅሁ። አያቴ ሳቁና «ልጄ፣ ጣሊያን ድንጋይ ተሸክሞ ያውቃል እንዴ? ድንጋዩ የኛ፣ ወገቡም የኛ ነው» አሉ።

ደግሞም ሴባስቶፖልን አስቡት። በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ጋፋት ላይ በ1859 ዓ.ም. ያቀለጡት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሆኖም 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር በእኛ በጋይንት በኩል አድርጎ እስከ መቅደላ የጎተተው ያገራችን ሰው ነው። ጉዞው ወደ 6 ወር ፈጅቷል። ዛሬ ሴባስቶፖልን «የፈረንጅ መድፍ ነው» የሚል አለ? የለም። ታዲያ የጣሊያኗ ቤት ምን በደለች?

ጎንደር ያለው ራስ ግንብም በጣሊያን ጊዜ የጦር አለቃ ይኖርበት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ሰው ታስሮ ይገረፍበት ነበር። ዛሬ ሙዚየም ነው። አፍርሰውት ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ለእኛ የሚያሳየን ምን ነበረ?

ሒሳብ መምህራችን ደግሞ «መስኮቶቿ ጠባብ ናቸው፣ ትጨልማለች» ብለዋል። እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። በጠራራ ፀሐይ ገብተን እንኳ ሜትሩን ለማንበብ ስልክ አብርተናል። ግን መስኮቱን ለማስፋት ግድግዳ መንደል የለብንም። ጣራው መቀየሩ ካልቀረ ሁለት ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መሐል ላይ ማድረግ ነው። ያ ወፍራም ግድግዳ ደግሞ ለሐምሌ ብርድ ደግ ነው፤ የጋይንትን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ገንዘብስ? ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩንና ኖራውን መግዛት ግድ ነው፤ ለዚህ ወላጆች ይጠየቁ። ቦዩን ግን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ቅዳሜ እንጨርሰዋለን። አጎቴ ስንጥቁን በነጻ እደፍናለሁ ብሏል። (አጎቴ ይህን መጽሔት ስለማያነብ ነው በድፍረት የጻፍሁት፤ ቃሉን ግን ሰጥቷል።) ለአጥሩ ድንጋይ መሸከማችን አይቀርም፤ ከቤቷ ነቅለን ከምንሸከም ከወንዙ ዳር ብንሸከም ምን ይለናል?

የወላጅና መምህር ስብሰባ የሚመጣው ሐሙስ ነው። የክበባችን ልጆች የለካነውን በአንድ ወረቀት ስለን ለርእሰ መምህራችን ሰጥተናል፤ ለስብሰባው አቀርበዋለሁ ብለውናል። ቤቷ ትፍረስ የምትል ተማሪ ካለህ ወይም ካለሽ፣ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ ይኸው ገጽ ይለቀቅላችኋል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ገብታችሁ እዩዋት። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።