እስቲ ክሩን ለኩሰው

ወዳጄ ትናንት ሰፈራችን ጀበና ቡና ቤት ሲመጣ፣ ኩርሲው ላይ በወጉ ሳይቀመጥ የካናቴራውን አንገት ገልብጦ «እስቲ ይቺን አንብባት!» አለኝ። ዓይኔን አጥብቤ አነበብኩ። መቶ በመቶ ኦርጋኒክ ጥጥ ትላለች።

«ካናቴራም ኦርጋኒክ አለው እንዴ? እኔ በኦርጋኒክ የማውቀው ቲማቲም ነው።»

«አንተ ደግሞ! እህቴ ናት ከዋሽንግተን የላከችልኝ። 45 ዶላር!»

«ለአንድ ካናቴራ? በዚህ ብር ሰልባጅ ተራ ብትገባ ከነጫማው ሙሽራ መስለህ ትወጣ ነበር።»

«ዋጋው የጨርቁ አይደለማ፤ የኅሊና ነው» አለኝ ኮራ ብሎ። «መሬት አልተመረዘበትም፣ ሰው አልተበደለበትም።»

ልስቅበት አሰብኩና ተውኩት፤ ነገሩ ጨርሶ የሚያስቅ አይደለማ። ጥጥ ነጭ ስለሆነ ንጹህ ይመስለናል እንጂ ተባይ የሚወደው፣ ውሃም የማይጠግብ ተክል ነው። ለአንዲት ካናቴራ የሚሆነው ጥጥ እስኪደርስ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል ይባላል። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ተኩል የሚጠጣው ነው። ሶቭየቶች ጥጥ እናልማ ብለው አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን ቢጠልፉ፣ ሁለቱ ወንዞች ይመግቡት የነበረው የአራል ባሕር አብዛኛው ደረቀ። የዓሣ ማስገሪያ መርከቦቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ቀሩ።

«እና ያንተ መለያ የት ድረስ እንደሚናገር እንይ» አልኩት። ኦርጋኒክ ጥጥ የሚባለው ዘሩ በቤተ ሙከራ ያልተለወጠ፣ የፋብሪካ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው ነው። ይሄ የእርሻው ወሬ ነው። ማቅለሚያውን፣ የፋብሪካውን ፍሳሽና የሠራተኛውን አያያዝ ጭምር የሚመረምር ጎትስ የሚባል ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ደግሞ አለ። በእሱ ደንብ ልብስ በደፈናው ኦርጋኒክ ተብሎ የሚሸጠው ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ ሲሆን ነው፤ 70 በመቶ ላይ ከቆመ «ከኦርጋኒክ ጥጥ ጋር የተሠራ» ነው የሚባለው። «ምልክቱ አለበት?»

አንገቱን እንደ ዶሮ አዙሮ ሊያይ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔው አየሁለት። አለበት።

«በል ይመችህ። 'ለተፈጥሮ ተስማሚ' ብሎ መጻፍማ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ወዳጄ ሲመቸው አይቆምም። «እኛን ምን ቸገረን? ጋቢያችንም ነጠላችንም ከድሮ ጀምሮ ኦርጋኒክ አይደል?»

«እሱን ለእናቴ ንገራት!»

አንድ ፋሲካ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ነጠላ ገዛሁላት። ባለሱቁ «ንጹህ ጥጥ ነው፣ የእጅ ፈትል ነው ወንድሜ» እያለ በማርያም ማለልኝ። እማዬ ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ምንም አልተነፈሰችም። ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዘችና ጀበናው ሥር ወዳለው ፍም አስጠጋቻት። ጥጥ ቢሆን ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ የሚተርፈውም በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ነው። ያቺ ክር ግን ተኮማትራ ቀለጠች፤ ጫፏ ላይ የጎመን ዘር የምታክል ጠጣር ጥቁር ነጥብ ቀረች፤ ቤቱን ላስቲክ ላስቲክ ሸተተው።

«ልጄ፣ ይሄንን ለብሼ ቅዳሴ ስቆም የጎረቤቴ ጧፍ ቢነካኝ አብሬው እቀልጣለሁ!» አለችኝ።

ወዳጄ ቡናው ትን እስኪለው ሳቀ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሳይቀር ረከቦቷን ትታ ጆሮዋን ወደኛ ጣለች።

እማዬ ብታውቅበት አይገርምም። የኔን ጋቢ ማግ የፈተለችው ራሷ ናት። ጥጡን ከገበያ ገዝታ፣ ፍሬውን በመዳመጫ ለይታ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ አድርጋ፣ በእንዝርት ስትፈትል ከረመች። ከዚያ ሸማኔ ቤት ሄዶ አራት ድርብ ሆኖ ተመለሰ። ይኸው እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። እሱም ቢሆን ግን ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ የአብዛኛው ሸማኔ ድር እንደዚያው ነው። ጥጡ የት በቀለ፣ ምን ተረጨበት ብሎ የጠየቀም የለም፤ እማዬም አልጠየቀች።

«የሚጠየቅ አለ እንዴ እዚህ አገር?»

«አርባ ምንጭ አካባቢ ሂድ። ሸሌ ሜላ የሚባል ቦታ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች መርዝ ትተው ምግብ ይረጫሉ።»

«ምን ይረጫሉ?»

«ምግብ! ከበቆሎ ያዘጋጁታል። ሽታው የጥጡን ትል የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት ይጠራላቸዋል። ገበሬው ይጋብዛል፣ እነሱ ይዋጉለታል። የኦርጋኒክ ማረጋገጫም አግኝተውበታል።»

ይሄ ወሬ ደስ አሰኘው። «ታዲያ ከሸማኔው እጅ መግዛት ነው! ደላላ የለ፣ ማጭበርበር የለ።»

እዚህ ላይ ነው ጨዋታችን የቀዘቀዘው። ሸማኔ ቤት ገብተን ብንጠይቅስ? ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ከዶርዜ፣ ለወላጆቻቸው «ትምህርት ቤት ይገባሉ» ተብሎ አዲስ አበባ የመጡ፣ መጥተው ግን እግራቸውን ሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ከንጋት እስከ ውድቅት መወርወሪያ ሲያመላልሱ ያደጉ ልጆች ታሪክ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሁሉም ሸማኔ እንደዚያ ነው አላልኩም፤ አብዛኛው የራሱን ወገብ አጉብጦ ነው የሚያድረው። «የእጅ ሥራ ነው» ሲሉን ግን የማን እጅ ነው ብለን አናውቅም። ባለቀለሙን ጥለት እያደነቅን ዋጋ እናስቀንሳለን። የምናስቀንሳት መቶ ብር ከባለሱቁ ኪስ የምትወጣ ይመስልሃል?

«የፋብሪካውስ?»

«የፋብሪካውማ ይባስ።» ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተናደ። ዋዜማውን ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። ታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አላስገባም፤ ላይ የነበሩት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ግን «ግቡ» አሏቸው። 1,134 ሰው ሞተ። ፍርስራሹ ውስጥ የአውሮፓና የአሜሪካ ሱቆች ማርካ ያለበት ልብስ ነበር። «ልብሴን ማን ሰፋው?» የሚለው የገዢዎች ጥያቄ በዓለም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ብንሆን የሀዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ አጨበጨብን፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሰፊዎቹን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር አለው።

ወዳጄ ካናቴራውን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ዝቅ ብሎ አየው። «የሁለት ወር ደሞዝ ሊሆን ምንም አልቀረው» አለ።

ዝም አልን። እኔም ቡናውን እንዳላመርረው ብዬ ወደ ደህናው ወሬ መለስኩት። የሚሞክሩ አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን ከዘነበወርቅ ተነስታ የድሮውን በረባሶ፣ ያንን አባቶቻችን ከመኪና ጎማ ቆርጠው የሚጫሙትን፣ አሳምራ ሶልሬብልስ ብላ ለዓለም ሸጠችው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ የሸማኔዎቹ ገበያ እየጠፋ መሆኑን አይታ በፈረንጆቹ 2007 ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅት መሠረተች። ሳባሃር የሚባለው የሽመና ድርጅት ደግሞ ከጥጡ ሌላ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል ሐር ይሠራል። በተለመደው ሐር ትሉ ከነቤቱ ይቀቀላል፤ የዚህኛው ቤት ግን ጫፉ ክፍት ስለሆነ ቢራቢሮው ወጥቶ ሊሄድ ይችላል።

«ትሉም መብት አለው በለኛ!»

«ከአንዳንዱ ሸማኔ ይሻላል።» የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው፦ ዋጋቸው። የሸመነው ሰው የሸመነውን ገዝቶ መልበስ አይችልም። እንደኔ ከሆነ ኅሊና ለብቻው በዶላር መሸጡ ነው የሚከነክነኝ።

«እና ምን ልልበስ? ቅጠል?»

«የለበስከውን ልበሳ! ስንት ዓመት ልታቆየው አስበሃል?» ፓታጎኒያ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1996 ጥጡን ሁሉ ኦርጋኒክ ያደረገ ነው። በፈረንጆቹ 2011፣ አሜሪካኖች ለገበያ በሚጋፉበት ዕለት፣ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የራሱን ጃኬት ሥዕል አውጥቶ አትግዙት ብሏል። እማዬ ጋዜጣ አላስፈለጋትም። ጋቢ ሲሳሳ የልጅ መጠቅለያ ይሆናል፣ ከዚያ እራፊ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ።

ወዳጄ ይሄን ሁሉ እየሰማኝ አልነበረም። ከካናቴራው ጠርዝ የተንጠለጠለች ክር አግኝቶ እየጎተታት ነው። በጠሰና ምንም ሳይለኝ ወደ ጀበናው ፍም ሰደዳት።

ክሯ ተኮማተረች። ቀለጠች። ጫፏ ላይ ያቺው ጥቁር ነጥብ።

«ተበላሁ!» ብሎ ከኩርሲው ተነሳ። «45 ዶላር! ላስቲክ!»

«ኧረ ተቀመጥ! የስፌቱ ክር ነው። ጨርቁ ጥጥ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው በፖሊስተር ነው። ጎትስም ይፈቅደዋል።»

«መቶ በመቶ ይላል'ኮ!»

«ጨርቁ ነው መቶ በመቶ።»

«ሁለተኛውን ልቅዳ ወይስ ልብሳችሁን አቃጥላችሁ ትጨርሱ?» አለች ቡና የምታፈላው ልጅ።

«ቅጂልን» አላት። እጁ ግን ካናቴራውን ገልብጦ ከጨርቁ ራሱ የምትመዘዝ ክር እየፈለገ ነበር።