የአሮጌ መኪና የፊት መስተዋት

አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ ሹማምንት መኪናቸውን ወደ ጋራዥ ከመውሰዳቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «መስተዋት» የሚለው ነው። በአማርኛ መስተዋት ፊት የሚታይበትም፥ ብርሃን የሚያሳልፈውም ነው። በግዕዝ የፊት ማያው ስሙ መጽሔት ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙን ለሚነበበው ሰጥተነዋል። እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች መስትያት እንላለን። እንግዲህ «መስተዋቴ ተሰበረ» ያለ ሰው «የትኛው?» መባሉ አይቀርም። የኋላ ማያውን ከጣልያን በወረስነው ስም ስፖኪዮ፥ ነፋስ የሚከላከለውን ግን የፊት መስተዋት ማለት ይበቃል። በጅቡቲ ከተማ ደግሞ መካኒኩ የሚሰማው ፓርብሪዝ የሚለውን የፈረንሳይ ቃል ነው።

ጕዳዩ የቃል ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፥ ወደ ጋላፊ የሚወስደው መንገድ ቀንና ሌሊት ከባድ መኪና አይለየውም፤ ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠርም የሰው ማዕረግ አይመርጥም። በዚያ ከተማ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ልጆቻቸውን ከሙቀቱ ለማሳረፍ ወደ አርታ ተራራ የሚወስዱባት አሮጌ ፔጆ 404 አለቻቸው። ከዕለታት አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጠጠር መታቸውና መንገዱ በቅጽበት እንደ ወተት ነጣባቸው። ደግነቱ ቀስ ብለው ይነዱ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከተሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ የፊት መስተዋታቸው በእሳት ግሎ በነፋስ በድንገት የቀዘቀዘ ነበር። ይህ ዓይነቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከተሸነፈ መላው ገጹ እንደ ጨው እንክብል ይደቅቃል። ሌላው ዓይነት ሁለት ስስ መስተዋት በመካከሉ ላስቲክ መሰል ሽፋን ይዞ የተጣበቀ ነው። መነሻውም የፈረንሳዊው ኤዷር ቤኔዲክቱስ ብልቃጥ ነው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ወድቆ ቢሰነጠቅም፥ በውስጡ የደረቀው መድኃኒት ስብርባሪውን አንድ ላይ ያዘው። እርሱም በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እንዲህ ያለው መስተዋት ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም፥ መንገዱንም አይሰውርም። ሁለቱን ለመለየት ጠርዙን መመልከት ነው፤ ድርቡ በጠርዙ የሁለት ገበታ መስመር ይታይበታል።

ለወዳጃችን ከወደቀች መኪና የተነቀለ የፊተኛው ዓይነት በርካሽ ተገኘላቸው። ባለቤታቸው ግን «ልጆቹ የሚቀመጡት ከኋላው ነው» ብለው እንቢ አሉ፤ እኛም ፍርዳቸውን ወደድነው። ርካሹ ሌላም ነውር ነበረበት፤ ካምሲን የተባለው የበጋ ነፋስ አሸዋ እየረጨ ስለ ፋቀው፥ የምሽት ፀሐይ ስታርፍበት እንደ ጭጋግ ያበራ ነበር። (ጠፍጣፋ መስተዋት ባላቸው አሮጌ ጂፖች ላይ የቤት መስኮት መስተዋት የሚያስቈርጡም አሉ፤ ያ ሲሰበር ቢላዋ ነው።)

ድርቡ መጣ። ሥራው በማለዳ ይጀመር ዘንድ መከርን፤ በሐምሌ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና፥ ከቀትር በኋላም ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲደርስ በጅቡቲ ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ ነውና። ኮፈኑ በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ተፈቱ፤ በፀሐይ የደረቀው አሮጌ ጎሚኒ በቢላዋ ተቈረጠ። ከሥሩ ዝገት ተገኘ፤ የባሕሩ ጨዋማ አየር ያመጣው ነው። ብዙ ሠራተኛ ይህን አልፎ አዲሱን ይገጥማል፤ ውሃ የሚገባው፥ ላሜራውም የሚበላው ከዚህ ነው። የእኛ ሰው ግን ዝገቱን ፍቆ አንቲሩጂኒ ቀባና ቀለሙ እስኪደርቅ ሥራውን ለማግሥቱ አቈየ።

በማግሥቱ አዲሱ ጎሚኒ በመስተዋቱ ዙሪያ ገባ፤ በጎድጓዳውም ሲባጎ ተጠመጠመ፤ የሳሙና ውሃ ተቀባ። አንዱ ከውጭ በመዳፉ እየተጫነ፥ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሲስብ፥ የጎሚኒው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ገጠመ። መዶሻ አልተነካም። በአዳዲሶቹ መኪናዎች መስተዋቱ በማጣበቂያ ስለሚያዝ፥ እስኪጠነክር ድረስ መንዳት አይገባም፤ በዚች አሮጌ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ የለም።

ወዳጃችን በጎማ ቱቦ ከላይ ውሃ ሲያፈሱ፥ ባለቤታቸው ከውስጥ ደረቅ ጨርቅ ይዘው የታችኞቹን ሁለት ማዕዘኖች ዳሰሱ። ጨርቁ እንደ ደረቀ ወጣ።