እሳት ደረሰኝ አይጠይቅም!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገሬ ሰው። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ግን ተረቱን ገልብጦታል። ሳይቃጠል በደረሰኝ፣ ከተቃጠለ በኋላ በኮሚቴ ሆኗል ነገሩ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ የጓሮ በርና በሩ ላይ ስለተንጠለጠለ ጓጉንቸር ልጽፍ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የብዙ ሰው ነፍስ የሚጠፋው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች፣ አንድ አስፋልት ከዳር እስከ ዳር በሚሰነጥቃት ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ብጠራው ነገሩ የአንድ ከንቲባ ጥፋት ብቻ ይመስልና የሌሎቹ ከተሞች ከንቲባዎች እፎይ ይላሉ። እኔ ደግሞ እፎይ እንዲሉ አልፈልግም። ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ውስጧ ወረቀት ነው። ግራዬ የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጣል፤ ቀኜ ደግሞ በጓዳ በኩል ቤንዚን በሃይላንድ እየቀዳ ይቸረችራል። የሦስታችንም ኮርኒስ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የኮረንቲ ሽቦው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እንደ ሐረግ ይሳባል። ይህን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ያላየው ቢኖር እንዲያይ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ብቻ ነው።

የእሳት ቁጥጥር የሚባለው በእኛ ከተማ እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ። የንግድ ፈቃድ እድሳት ሲደርስ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። «የእሳት ማጥፊያ ተገዝቷል?» እንባላለን። ደረሰኝ እናሳያለን። ማኅተሙ ዱብ! በቃ፣ ከእሳት ዳንን ማለት ነው። ባለፈው እድሳት ጊዜ ፋይሌን የያዘውን ወጣት «ልጄ፣ መጥተህ ሱቁን አታየውም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ደረሰኙ ይበቃል፤ ከኋላዎ ሰው አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከኋላዬ ሰው ነበር። እሱም ደረሰኝ ይዟል።

ለመሆኑ ደረሰኝ ምን ያጠፋል? ያ ቀዩ ሲሊንደር እኮ ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። አናቱ ላይ ያለችው መርፌ ከአረንጓዴው ወርዳ ከሆነ ግፊቱ ተንፍሷል፤ በጭንቅ ሰዓት ቢጫኑት ዱቄቱን አይተፋም። በየወሩ ዓይን ሊያየው፣ በየዓመቱ ባለሙያ ሊፈትሸው ይገባል። በከተማችን አንዱ ሲሊንደር የበር ማስደገፊያ ሆኖ አይቻለሁ። ሌላው ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በነደደ ዘይት ላይ ውሃ መቸለስ እሳቱን እንደሚያዛምተው ለምግብ ቤት ሠራተኞች የነገራቸው የለም። ደረሰኙ ግን የሁሉም በፋይል ታስሯል!

ደንቡ ጨርሶ አይሠራም አልልም። ይሠራል እንጂ! ጥያቄው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። መንገድ ዳር ሻይ አፍልታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት «የእሳት አደጋ ታስነሺያለሽ» ብለው ደንብ አስከባሪዎች የከሰል ምድጃዋን ከነጀበናዋ ይጭኑባታል። ከእርሷ አለፍ ብሎ ግን አንድ የሠርግ አዳራሽ አለ። ጣሪያው በስፖንጅና በጨርቅ አጊጧል። ሙሽሮች ሲገቡ የርችት ብልጭታ እየተተኮሰ ሕዝቡ ያጨበጭባል። የኋላ በሩ፣ ያለ ካርድ የሚገባ እንዳይኖር ተብሎ፣ በጓጉንቸር ተከርችሟል። ይህን የሚነካ ደንብ አስከባሪ እስካሁን አልተወለደም። ባለቤቱ ከሹማምንቱ ጋር አብሮ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ነዋ!

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ አዳራሽ ነው። እኛን ስብሰባ እየጠሩ ስለ ደንብ የሚያስተምሩበት አዳራሽ! የፊት በሮቹ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት። የኋላው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ዘበኛውም አያውቅም። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በድንጋጤ ሰዓት ግድግዳ ነው፤ ከኋላ ያለው ሲገፋ ከፊት ያለው በሩን በገላው ይዘጋዋል። ዓለም ይህን ከተማረ ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ቺካጎ ውስጥ ኢሮኮይ የተባለው ቲያትር ቤት ሲቃጠል ከ600 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ የሞቱት ሊከፍቷቸው ባልቻሏቸው በሮች ሥር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የእኛ አዳራሽ ይህን ትምህርት አልሰማም።

ይህን ስናነሣ ሹማምንቱ የሚመዙት መልስ አንድ ነው፤ «ድሆች ነን፣ በጀት የለንም»። እስቲ ይህን መልስ እንፈትነው።

ስዊዘርላንድ ድሃ ናት እንዴ? ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሌሊት፣ ክራን ሞንታና በምትባል የተራራ ላይ ትንሽ የመዝናኛ ከተማ አንድ ቡና ቤት በእሳት ጋየ። ከ40 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። በሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ የተለኮሰ ብልጭታ የኮርኒሱን ስፖንጅ ነው ያቀጣጠለው ተባለ። ከዚያስ? የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ከ2020 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ያንን ቤት አንድም ጊዜ ለእሳት አደጋ እንዳልመረመረ በራሱ አፍ አመነ። ገንዘብ ሞልቷል፤ ሕጉም በእጅ አለ። የጎደለው ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር።

በሰሜን መቄዶንያ ደግሞ ኮቻኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አንድ የጭፈራ ቤት እንዲሁ በብልጭታ ርችት ከጣሪያው ተያይዞ ወደ 60 የሚጠጋ ነፍስ ወዲያው ቀጠፈ። ቤቱ ቀድሞ መጋዘን የነበረ ነው። ፈቃድ ግን ነበረው! ማኅተም ነበረው! ያ ፈቃድ ከሕግ ውጭ፣ በጉቦ ተጠርጥሮ የተሰጠ መሆኑን የሀገሪቱ መንግሥት ራሱ ተናገረ። አያችሁ ወገኖቼ? እዚያም ወረቀቱ የተሟላ ነበር። እሳቱ ግን ወረቀት ማንበብ አያውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። አዲስ አበባ የእሳት አደጋ ኮሚሽን አላት፤ መኪናም ባለሙያም አላት፤ 939 ብሎ የሚደውል ሰው መልስ ያገኛል። ያም ሆኖ የመንገዱ መጥበብና መጨናነቅ እሳቱን ለሚያጠፉት ሰዎች ትልቅ እንቅፋት ሆኖባቸው ነበር። መኪና ያላት ከተማ በመንገድ እጦት ከተቸገረች፣ መኪናም የሌላት የእኛ ከተማ ምን ልትሆን ነው? የእኛ ገበያ መግቢያ ቀድሞ ቦቴ ያሳልፍ ነበር። አሁን ግራና ቀኙ ኮንቴነር ሱቅ ተደርድሮበት ጋሪም በመከራ ነው የሚያልፈው። ኮንቴነሮቹን ማን አስቀመጣቸው? ማዘጋጃ ቤቱ! ኪራዩን በየወሩ ማን ይሰበስባል? ማዘጋጃ ቤቱ! መንገዱን የዘጋው እሱ፣ መንገድ ዘጋችሁ ብሎ የሚቀጣውም እሱ። ይሄ እንግዲህ የእኛ ሕግ ማስከበር ነው!

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። የሕንፃ ሹም የሚባል ተቆጣጣሪ ለከተሞች እንዲሾም ያን ጊዜ ነው የተደነገገው። ሹሙ ግን ከወንበሩ ካልተነሣ አዋጁ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚሆን ከእኔ ከወረቀት ነጋዴው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትላለህ ለሚለኝ ሦስት ነገር እላለሁ። ሦስቱም ከበጀት ይልቅ ወኔ ነው የሚጠይቁት።

አንደኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከራሱ ይጀምር። የአዳራሹን የኋላ በር ይክፈት፤ የፊት በሮቹን ማጠፊያ ቀይሮ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ያድርግ። ይህ የአንድ ብረት ሠራተኛ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከኮንቴነሮቹም መንገዱን የዘጉትን ያንሣ፤ ለተከራዮቹ ግን ምትክ ቦታ አስቀድሞ ይስጥ። ጥፋቱ የአከራዩ ነውና ቅጣቱ በተከራዩ ላይ መውረድ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ምርመራ ማለት በእግር ሄዶ ማየት ይሁን። በመጀመሪያ ሰው በብዛት የሚሰበሰብባቸው ቤቶች ይታዩ፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ አዳራሽ፣ ሆቴል፣ ጭፈራ ቤት። የሻይዋ እናት ተራዋ ሲደርስ ትታያለች።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ በየቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ማን መረመረ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ጉድለት አገኘ፣ እስከ መቼ እንዲስተካከል ቀጠሮ ሰጠ። የማዘጋጃ ቤቱም በር ላይ የራሱ ይለጠፍ።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ተቃውሞ አለ፣ አልሸሸውም። ጎረቤቶቼ «ተቆጣጣሪ በየሱቁ ይምጣ ስትል ሌላ ጉቦ በላ እየጠራህብን ነው፤ ዛሬ ደረሰኝ፣ ነገ ለሻይ እንባላለን» ይሉኛል። ስጋታቸው ከኑሮ የመጣ ነው። ግን ጉቦ የሚያድገው በጨለማ ነው። ተቆጣጣሪው ያየውን በኪሱ ይዞ ከሄደ ሊሸጠው ይችላል። በር ላይ ለጥፎት ከሄደ ግን ምን ይሸጣል? የሠርጉ ታዳሚ ሲገባ «የኋላ በር ተቆልፏል» የሚለውን በገዛ ዓይኑ ያነባል። በማግስቱም «ምንም ጉድለት የለም» የሚል ቢለጠፍ፣ ጓጉንቸሩ እዚያው ተንጠልጥሎ እያየ ተቆጣጣሪውን በስሙ ይጠይቀዋል። ሱቅ ይታሸግ አላልኩም። ለድሃው ነጋዴ ጉድለቱ ይነገረው፤ ጊዜ ይሰጠው፤ ተመልሶም ይታይ። ጊዜ የማይሰጠው ለተቆለፈ በር ብቻ ነው። እሱን ለመክፈት አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ለክቡር ከንቲባው አንድ ቃል ልበልና ላብቃ። ክቡርነትዎ፣ የእኛ ከተማ ቢቃጠል ኮሚቴ እንደሚያቋቁሙ፣ ሐዘንዎን እንደሚገልጹ፣ «መንስኤው እየተጣራ ነው» እንደሚሉ እናውቃለን። መንስኤውን ዛሬ አጣርቼ ነግሬዎታለሁ፤ ኮሚቴው አያስፈልግም። የአዳራሽዎ የኋላ በር ቁልፍ የት እንዳለ ግን እኔም አላውቅም፤ እሱን እርስዎ ይፈልጉ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ከመጥራትዎ በፊት ይፈልጉት!

ቸር ያሰማን።