ገንዘቡ በስልክ፣ ዱቤው በደላላ

የጅግጅጋ ነጋዴ የቶጎ ውጫሌን ዕቃ ሒሳብ ለመዝጋት ብር በከረጢት መሸከሙ እየቀረ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ ዛድን የጀመረችው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ወዲህ ሄሎካሽ ተከተለ፤ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጣ። ክፍያው ፈጠነ፤ ዱቤው ግን ዛሬም በደላላ ቃልና በዘመድ ዋስትና ይሄዳል።

የሚጎዳው መካከለኛው ነጋዴ ነው። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃ አስይዝ ይለዋል፤ እሱ ያለው መጋዘን የኪራይ ነው። የስልክ ሒሳቡ ግን የዓመታት ሽያጩን ቀን በቀን ይናገራል። ከማይክሮፋይናንስ ያደገው፣ መቀመጫውም ጅግጅጋ የሆነው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነፃ ነው፤ በዚህ አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ ለነጋዴው በዱቤ ይሸጣል። ለእንዲህ ያለው ውል ያ መዝገብ ከሕንፃ ካርታ እኩል ሊቆጠር ይገባል። ደላላው ቅር ይለው ይሆናል፤ ገዢና ሻጭ ማገናኘቱን ግን ማንም አይቀማውም።