የይፋት ቤት የራሱን መልክ ይልበስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጣርማበርን ብርድና ጉም ወደ ኋላው ትቶ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከፍታው 1300 ሜትር እንኳ ወደማይሞላው፣ በይፋት ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲደርስ፣ ጋቢውን አጥፎ ማስቀመጡ የማይቀር ነው፤ ሆኖም በከተማይቱ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ሳሎኑን ቢመለከት፣ ሰው ለገላው ያሰበውን ያህል ለቤቱ አለማሰቡን ያስተውላል። ኮርኒሱ በጂፕሰም አበባ ተሸልሟል፤ ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ቀለም ተቀብቷል፤ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ወገን በፕላስቲክ ሰሌዳ ተሸፍኗል፤ ሁሉም አንድ ሰሞን በአዲስ አበባ የተወደደውን አርአያ ተከትሎ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ እናቱ በምን ዓይነት ቤት እንዳሳደገችው ግድግዳው አንዳች አይናገርም።

ይህን ማለቴ ጌጥን ለመንቀፍ አይደለም። የሰው ልጅ መጠለያ ካገኘ በኋላ ዓይኑ የሚያርፍበትን ውበት መሻቱ ከባሕርዩ የተሰጠው ጸጋ ስለ ሆነ፣ በላቡ ባገኘው ገንዘብ ቤቱን ያስጌጠውን ሰው ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ የምጠይቀው ጌጡ የገዛ ራሱ ምርጫ እንዲሆን ብቻ ነው። የቤት ውስጥ ዘይቤ ማለት ባለቤቱ የአገሩን ብርሃን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የወላጆቹን ትውፊትና የራሱን ዝንባሌ መርምሮ፣ ይህን ልያዝ ይህን ልተው በማለት የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ በቤት ውስጥ ከግድግዳ የሚሰፋ ገጽ የለምና፣ ይህ ፍርድ አስቀድሞ የሚታየው በግድግዳው ልስንና ኅብረ ቀለም ላይ ነው።

በይፋት ቆላ ደግሞ ግድግዳን የማስጌጥ ጥበብ ከሌላ አገር የተጫነ ዕቃ አይደለም። የእንጨት ቤት ማገሩ ከታሰረ በኋላ ወንዶቹ አፈሩን ከጭድ ጋር እየረገጡ ያቦካሉ፤ ጭቃው ሰንብቶ፣ ጭዱ ርሶና ተዋሕዶ፣ ምርጊቱ ይመታል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው የሴቶች ነው። እመቤቲቱ የተነፋውን አፈር ከእበት ጋር በጥብጣ፣ በመዳፏ እያለሰለሰች ትለቀልቃለች፤ ቀይ አፈር ያገኘች እንደሆነ መደቡንና የግድግዳውን ግርጌ ታቀላለች፤ ነጭ አፈር ያገኘች እንደሆነ ላዩን ታነጣለች፤ ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ስፍራ ጣቷን ነክራ መስመር ታወርዳለች። ለሠርግ፣ ለጥምቀት ወይም ለዒድ ሥራዋን ታድሳለች። ይህችን ሴት ሠዓሊ ብሎ የሚጠራት የለም፤ ነገር ግን ዛሬ የቤት ማስጌጥ መምህራን በብዙ ክፍያ የሚያስተምሩት ሁሉ፣ የሻካራና የለስላሳ ገጽ ልዩነት፣ የጨለመና የፈካ ቀለም መመጣጠን፣ ብርሃን ከበር ገብቶ በግድግዳ ላይ የሚያርፍበት አኳኋን፣ በመዳፏ ውስጥ የተጻፈ እውቀት ነው። የደከመው ገጽ እንደገና ሲለቀለቅ ቤቱ አዲስ ስለሚሆን፣ ዘይቤዋን ከዓመት ዓመት ለማሻሻልም ዕድል ታገኛለች።

የአገሩም ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይፋት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወላስማዕ ሥርወ መንግሥት ሥር የገነነ የእስልምና ሱልጣኔት ማእከል እንደ ነበረ የታወቀ ሲሆን፣ ተራራው ወደ አፋር በረሃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ አስባሪ፣ ማሳልና ኖራ የተባሉት የፈረሱ የድንጋይ ከተሞች፣ መስጊዶቻቸው ጭምር፣ በፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ተጠንተዋል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ በከሚሴ አካባቢ፣ በአምባ ላይ የተቀመጠችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬ፣ የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ካላቸው ቤቶቿ ጋር እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባታል። በሐረር ግንብ ውስጥም ባህላዊው ቤት ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ቀልቶ፣ መቀመጫዎቹ እንደ ሰው ማዕርግ ከፍና ዝቅ ብለው፣ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ተሸልሞ ይታያል። የቤቱ ሥርዓት ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ ስፌቶቹን የሰፋችውና በግድግዳው ላይ የደረደረቻቸው እመቤት ግን ቤቷን ከጎረቤቷ ቤት ትለየዋለች፤ ትውፊትና የግል ምርጫ እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መካኒሳ ሄዶ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን የዞማ ቤተ መዘክር ይመልከት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከአጋሩ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያነጸው ይህ ቤት፣ ባላገር ሁሉ በሚያውቀው በጭቃና በጭድ የተሠራ ሲሆን፣ ምርጊቱ ግን በእጅ ተቀርጾ፣ ሞገድና ሐረግ የመሰለ ቅርጽ ወጥቶለት፣ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣውን እንግዳ የሚያስደንቅ የጥበብ ሥራ ሆኗል። በዚያ ቤት ጭቃ የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቷል። ከይፋት በላይ ባለችው በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም፣ ቪላ አልፋ ብሎ የሰየመውን መኖሪያውንና የሥራ ቤቱን በራሱ ንድፍ አሳንጾ፣ የገዛ መንፈሱ ማኅደር አደረገው እንጂ፣ ሌላው የሠራለትን ቤት ገዝቶ አልተቀመጠም። እንደ እርሱ ቪላ ለማሠራት አቅም ያለው በእርግጥ ጥቂት ነው፤ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የአንዱን ግድግዳ ቀለም በራስ ፍርድ መምረጥ ግን ሀብት አይጠይቅም።

ነገሩ የውበት ብቻ እንዳይመስል ስለ ቁሳቁሱ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ቀትር ላይ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ብዙ ሰው ግን ይህንኑ ግድግዳ ዘመናዊ ለማስመሰል በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አብሮ የማይሰፋና የማይኮማተር ደረቅ ነገር ስለ ሆነ፣ እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዝና ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ይወድቃል። የዘይት ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳው መተንፈሻ ሲያጣ ቀለሙ አብጦ ይላጣል። ጂፕሰም በደረቅ ክፍል ያምራል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ግን ውሃ ያሟሟዋል። የኖራ ቅብ አየሩን እየሳበ ስለሚጠነክርና እርጥበትን ስለሚያስተነፍስ ለጭቃ ቤት ይስማማዋል፤ ከውጭ ሲቀባም የፀሐዩን ጨረር መልሶ ቤቱን ያቀዘቅዛል። የቆላው ብርሃን ኃይለኛ ነውና ለውስጥ ንጹሕ ነጭ ዓይን ይወጋል፤ ቀይ አፈር ትንሽ የተጨመረበት ኖራ ግን ብርሃኑን ያለዝበዋል። የቡና ቤት ባለቤቶች የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም፣ የላይኛውን ፈካ ባለ ቀለም መቀባታቸውም የሰው ጀርባና ወንበር የሚያሻሸውን ስፍራ ለይቶ ከማወቅ የመጣ አስተዋይነት ስለ ሆነ፣ በሲሚንቶ ወይም በብሎኬት ቤት ለሚኖር ሰው ይህን መከተል ነውር የለበትም።

የወባ ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። የፀረ ወባ መድኃኒት በቤቱ ግድግዳ ላይ የተረጨለት ሰው፣ ቤቴን ላሳምር ብሎ ወዲያው ቢለቀልቅ ወይም ቢቀባ መድኃኒቱን ቀብሮ ትንኟን ነጻ ያወጣታል፤ ስለዚህ ልቅለቃው ከርጭቱ በፊት ይፈጸም፣ ከርጭቱም በኋላ የጤና ባለሙያዎች የሚወስኑት ጊዜ እስኪያልፍ ይቆይ። ስንጥቅም እንዲሁ ተመርምሮ እንጂ ተሸፍኖ አይታለፍም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና አካባቢዋን መትቶ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው ርእደ መሬት፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተደጋግሞ የተሰማው መንቀጥቀጥ፣ ምሰሶና ማገሩ ሳይጸና በላዩ ልስን መደረብ አደገኛ እንደ ሆነ አስተምረውናል።

ይህን ዛሬ አጥብቄ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ በደረሰው ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት በዘለቀ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ቤቱን ከነታሪኩ አጥቷል። ቤቱ የነደደበት ሰው እንደገና ሲሠራ የሚያሳስበው ጣሪያና በር ነውና፣ ስለ ቀለም ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። የእናቱ ስፌት የተሰቀለበት፣ የእመቤታችን ሥዕል ወይም የቁርአን ጥቅስ ያረፈበት ግድግዳ የጠፋበት ቤተ ሰብ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ክፍል ውስጥ መጠለያ ቢያገኝም ቤቱን ገና አላገኘም። ቤት መልሰው የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶችና በጎ አድራጊዎች ቢያንስ የውስጡን ማጠናቀቂያ ለባለቤቱ ምርጫ ይተዉለት፤ በተዘጋጀ ቀለም ፈንታም የኖራና የአፈር ወጪውን በእጁ ይስጡት።

በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ከጂፕሰምና ከኳርትዝ ቀለም ጎን ለጎን የኖራን አሠራርና የምርጊትን ጥበብ የሙያ ትምህርት ያድርጉት፤ ለዚህም መምህርነት የመንደሩን ለቅላቂ ሴቶች ይጥሩ። የጂፕሰሙ ባለሙያ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ሲከፈለው፣ መዳፏ ተሰነጣጥቆ ግድግዳውን ያሳመረችው ሴት በቡናና በምርቃት ብቻ የምትሸኝበት ልማድ ይቅር፤ ለእርሷም በካሬ ሜትር ተሰልቶ ይከፈላት።