ያላነበበ መምህር ማንን ያስነብባል?

የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት እየሠለጠነች ያለች ልጅ ነች። ባለፈው ቅዳሜ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ያስረዱኝ» አለችኝ። በቴሌግራም የተላከላት የእንግሊዝኛ ሃንድአውት ነው፤ ልጆችን ማንበብ ስለማስተማር።

«መጀመሪያ አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት። ጥርት አድርጋ አነበበችው። «እሺ፣ ምን ይላል?» ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ «ለፈተና እሸመድደዋለሁ እንጂ እሱንስ እንጃ» አለችኝ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምራለች። ከዚያ ወዲህ መምህር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪ ይገለብጣል፣ ፈተናም የተገለበጠውን ይጠይቃል። «ጸሐፊው ምን አለ? ማስረጃውስ? ትስማሚያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም።

ነገ ግን 1ኛ ክፍል ገብታ ፊደል የምታስቆጥረው እሷ ነች። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ አንድ ባይሆኑም ሰንሰለቱ አንድ ነው። ሳያነብ ያደገ ልጅ መምህር ይሆናል፤ እሱም የማያነብ ልጅ ያሳድጋል።

ይህን ሰንሰለት መበጠስ የሚቻለው መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነው። ንባብን ለእንግሊዝኛ ኮርስ ብቻ መተው አይበቃም። የሒሳቡም የሳይንሱም አሠልጣኝ ሁለት ገጽ ሰጥቶ «በራሳችሁ አባባል ንገሩኝ» ይበል። መልሱ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም፤ መረዳቱ ይቅደም።

እናንተ ሠልጣኞችም ኮሌጁን አትጠብቁ። አንድ አንቀጽ አንብቡ፣ ስልኩን ገልብጡት፣ የገባችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተናገሩ። ካቃታችሁ ተመለሱና እንደገና አንብቡ። ሃምሳ ገጽ ከመሸምደድ ይሄ ይሻላል።

እኔና ጎረቤቴ ሞከርነው። አንዷ አንቀጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀችብን። በመጨረሻ ቀና አለችና «ገባኝ! ልጁ ቃሉን ስለጠራ ብቻ አነበበ አይባልም ነው የሚለው» አለችኝ።

ወዲያው የራሷ ነገር ትዝ አላትና ሳቀች።