ብርቅ ኮድ ሁሉ ስሕተት ነውን?

ዜንሚን ሊ እና ዩዋንዩዋን ዡ እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቁት «ፒአር-ማይነር» የተሰኘ መሣሪያ በትልልቅ ፕሮግራሞች ኮድ ውስጥ ዘወትር ተያይዘው የሚጠሩ ፋንክሽኖችን በዳታ ማይኒንግ ይለያል፤ አንዱ ተጠርቶ ተጓዳኙ የጎደለበትን ቦታም በስሕተትነት ይጠረጥራል። በሊኑክስ ኮድ ብቻ 16 ጉድለቶች በዚህ መንገድ ተገኝተው ተረጋግጠዋል።

ዘዴው ወደ አገር ውስጥ ሶፍትዌር ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ድግግሞሽ የልማድ ምስክር እንጂ የትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለምና። ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፈ ኮድ የወር ቁጥር ከ12 እንዳይበልጥ ይፈትሻል። በእንዲህ ያለ ኮድ ክምችት መካከል 13ኛ ወርን የሚቀበል አንድ ፋንክሽን ቢገኝ፣ ብርቅነቱ ብቻ ከስሕተት ያስቈጥረዋል። ሆኖም ጳጉሜን 3 ቀን በመንዝ፣ ሞላሌ የተወለደን ሕፃን በትክክል መመዝገብ የሚችለው እርሱ ነው። «ይታረም» ተብሎ ከብዙኃኑ ጋር ቢመሳሰል፣ ቀኑ ወይ ተቀባይነት ያጣል፣ ወይ ወደ መስከረም ይገፋል፤ ያን ጊዜ የልደት ዓመቱም አብሮ ይለወጣል። ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናትና ጉድለቱ ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ድግግሞሽ ከመቆጠሩ በፊት ኮዱ በሚከተለው የዘመን አቆጣጠር ሊከፈል ይገባል። በዘርፉ የሚሠሩ የማስተርስ ጥናቶችም ከተጠረጠሩት ልዩነቶች ስንቱ በመዝጋቢ ባለሙያ ሲታይ ትክክል ሆኖ እንደተገኘ ለይተው ቢያቀርቡ ይበጃል።